ከወፏ ዙሪያ ምን ያህሉ ይቆረጥ?

በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል የምትገኘው ግራንድ ፕሬሪ በደቡብ በኩል ከጆ ፑል ሐይቅ ጋር ትዋሰናለች። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ ማውንቴን ክሪክና ዋልነት ክሪክ ተገድበው ውሃው መጠራቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ሊን ክሪክና ሎይድ የተባሉት የከተማዋ ፓርኮች በዳርቻው ተዘርግተዋል፤ በምሥራቁ ዳር ደግሞ ሲዳር ሂል ስቴት ፓርክ አለ። ቅዳሜና እሑድ ሥጋ ከሚጠብሰውና ጀልባ ከሚቀዝፈው ሰው መሐል ክንድ የሚያህል ሌንስ የተሸከመ ፎቶ አንሺ አይጠፋም። የሚያሳድዳት ወፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ናት። ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት በሰፊ ውሃና በሰፊ ሣር መሐል አንዲት ትንሽ ወፍ ትጠብቀዋለች። ክሮፕ ማድረግ የሚባለው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ የፎቶውን ዳርና ዳር ቆርጦ ወፏን ማቅረብ ነው። መቁረጡን ማንም ይችለዋል። ማቆሚያውን ማወቅ ግን ሙያ ይጠይቃል።

ከሒሳቡ እንጀምር። ብዙ ሰው የሚይዘው ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በወርዱ 6000፣ በቁመቱ 4000 ፒክስል ይመዘግባል። ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥመን፣ ከ50 ሜትር ርቀት፣ ግሬት ብሉ ሄረን የሚሏትን አንድ ሜትር ያህል ቁመት ያላትን ሽመላ ብናነሳ የፍሬሙን ቁመት ግማሽ ትሞላለች፤ 2000 ፒክስል ማለት ነው። እሷን ብዙ መቁረጥ አያስፈልግም። በሲዳር ሂል ቁጥቋጦ ውስጥ የሚዘፍነው ፔይንትድ በንቲንግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወንዱ ራሱ ሰማያዊ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ቀይ ሆኖ ዓይን የሚማርክ ቢሆንም ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያው ሌንስ ከ20 ሜትር ብናነሳው 700 ፒክስል ያህል ይይዛል። የፎቶውን ወርድ ሲሶ እንዲሞላ ከፈለግን ምስሉን ወደ 2100 በ1400 መቁረጥ አለብን። ከ24 ሜጋፒክስሉ የተረፈን 3 ነው።

ይህ ለስልክ ስክሪን ከበቂ በላይ ነው። በመጽሔት ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሒሳብ፣ ሲታተም 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይኖረዋል። ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ተደርጎ ይሰቀል ከተባለ ግን ላባው ሁሉ ይሟሟል። ስለዚህ ልክን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የፎቶው መድረሻ ነው።

ሲቆረጥ ጉድለቱም አብሮ ይጎላል። በማለዳ ደብዛዛ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ ያለው ነቁጥ ሙሉው ፍሬም ሲታይ ተደብቆ ይቆይና ሲቀርብ ይፈጥጣል። ለጥቂት የሳተ ፎከስም ሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ እንዲሁ ነው። በቴክሳስ ሙቀት ቀትር ላይ ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ደግሞ የሩቁን ወፍ ጠርዝ ያርገበግበዋል፤ እንዲህ ያለውን ፎቶ በቆረጡት ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

ፒክስሉ ከበቃ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የሐሳብ ነው። ከሐይቁ በስተደቡብ፣ ወደ ሚድሎቲያን አቅጣጫ፣ የግጦሽ መስኮች አሉ። እዚያ ከከብት እግር ሥር የማትጠፋውን ነጭ ወፍ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃታል። አገር ቤት በሬ ሲጠመድ ከማረሻው ኋላ የምትከተለው ሳቢሳ ናት። ከአፍሪካ አትላንቲክን አቋርጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡብ አሜሪካ ደረሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቴክሳስ ገባች። ከብት ሲራመድ ፌንጣው ከሣሩ ይዘላል፤ እሷም ብቻዋን ከምትለቅመው የበለጠ በትንሽ ልፋት ትይዛለች።

አሁን ከአንድ ፍሬም ሁለት ፎቶ ማውጣት ይቻላል። አጥብቀን ከደረቷ በላይ ብቻ ብናስቀር በመራቢያዋ ወራት አናቷና ደረቷ ላይ የሚወጣው ወርቃማ ላባ፣ ቀላ ያለው ምንቃሯና ዓይኗ ይታያሉ። ይህ የመልክ ፎቶ ነው፤ ወፏ ማን እንደሆነች ይነግረናል። ላላ አድርገን የላሟን ሰኮናና ረግጣ ያነሳችውን ፌንጣ ብናስቀር ደግሞ ወፏ እንዴት እንደምትኖር፣ ምናልባትም ያን ያህል ባሕር አቋርጣ እንዴት ኑሮ እንደቀናት እናያለን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሚበላሸው መሐል ላይ የቀረው ነው፤ ላሟ ላም ሆና ሳትታይ፣ ከጥጉ ግማሽ እግር ብቻ ገብቶ ዓይን የሚረብሽበት ፎቶ።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ከመቁረጥ በፊት ፎቶውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር። «ሳቢሳ ከላም እግር ሥር ፌንጣ ለቀመች» ካልን ላሟም ፌንጣዋም ፍሬሙ ውስጥ መቅረት አለባቸው። «ሳቢሳ ለመራቢያ አጊጣለች» ካልን ላሟ ትሂድ። በክረምት ዳላስ ኋይት ሮክ ሐይቅ ላይ የሚያርፉት ነጭ ፔሊካኖችም በዚሁ ይዳኛሉ። በቡድን ተሰልፈው ዓሣውን ከበው ወደ ጥልቀት አልባው ውሃ እየነዱ ነው የሚያጠምዱት። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ነጥሎ ያስቀረ ሰው ትልቅ ምንቃር ያሳየናል፤ አደኑ ግን አመለጠው።

ከዚያ በኋላ የአካል ጉዳይ ይመጣል። ሲዘር-ቴልድ ፍላይካቸር የሚሏት ወፍ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ በግራንድ ፕሬሪ ሽቦና አጥር ላይ ትታያለች፤ ከርዝመቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ጅራቷ ነው። በአግድም ፍሬም ልናጠብቃት ስንሞክር ጅራቱ ይተርፋል። ጫፉን መቁረጥ ስሟን መቁረጥ ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ወደ ቁም ይዞራል፣ አለዚያም ይላላል። ሽመላዋ ውሃ ዳር ስትቆም ደግሞ ነጸብራቋ አለ፤ ወይ ሙሉውን ማስገባት፣ ወይ ጨርሶ መተው ይሻላል። የእግር ጣት ጫፍ ላይ የተቆረጠ ፎቶ የስህተት ይመስላል፤ አንገት ላይ የተቆረጠ ግን ታስቦበት የተደረገ መሆኑ ይታወቃል። የምትበር ወይም ወደ ጎን የምታይ ወፍ ከኋላዋ ይልቅ ከፊቷ ሰፋ ያለ ቦታ ትፈልጋለች፤ አለዚያ ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር የተጋጨች ትመስላለች።

ይህ ችግር ከካሜራ በፊትም ነበር። ጆን ጄምስ ኦዱቦን እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1838 ባሳተመው «የአሜሪካ ወፎች» ወፎቹን ሁሉ በቁመናቸው ልክ ለመሳል ወስኖ ነበር። የተጠቀመበት ወረቀት አንድ ሜትር ያህል ቁመት ነበረው፤ ያም ሆኖ ትልልቆቹ አልገቡለትም። ዛሬ በጆ ፑል ዳር የምናያትን ያችኑ ሽመላ አንገቷን ወደ ታች አጉብጦ አስገባት። አካሏን ላለመቁረጥ አቋቋሟን ለወጠ። ፎቶ አንሺ ግን አቋቋም መለወጥ አይችልም፤ ያለው ምርጫ ፍሬሙ ነው።

መቁረጥ ማጭበርበር ነው ወይ የሚል ክርክርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዎርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ዩክሬናዊው ስቴፓን ሩዲክ ከሽልማት ተሰርዞ ነበር። ሰፊውን ፎቶ እጅግ አጥብቆ ቆርጦ በፋሻ የሚጠቀለል እጅ ብቻ አስቀርቷል። ዳኞቹ የሰረዙት ግን በቁረጣው አልነበረም፤ ከኋላ የሚታይ የእግር ቁራጭ በሶፍትዌር በማጥፋቱ ነው። ድንበሩ ይኸው ነው፤ ፍሬሙን ማጥበብ የሚፈቀድ ምርጫ ሲሆን በፍሬሙ ውስጥ ያለውን መሰረዝ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ከዚህም በላይ አንዳንድ ጊዜ መቁረጥ የጨዋነት ምልክት ነው። ሳቢሳና ዘመዶቿ በዳላስና ፎርት ወርዝ ዙሪያ በመኖሪያ ሰፈር ዛፎች ላይ ሳይቀር ተሰብስበው ጎጆ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ያለ ፈቃድ ማፍረስ ክልክል ነው። ፎቶ አንሺ ጎጆ ባያፈርስም አሥር እርምጃ ሲቀርብ እናቲቱ ልትነሳ ትችላለች፤ ጫጩቶቹም ለቴክሳስ ፀሐይ ይጋለጣሉ። ከሩቅ አንስቶ ቤት ገብቶ የሚቆርጥ ሰው ጥቂት ፒክስል ይከስራል፤ ወፏ ግን ምንም አትከስርም።

ስለዚህ ሜዳ ላይ ላላ አድርጎ ማንሳት ይመከራል፤ በድንገት የሚዘረጋ ክንፍም ቦታ ያገኛል። ቤት ከገቡ በኋላ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ፣ በቅጂው ላይ ጠበቅና ላላ ያሉ ሁለት ሦስት ክሮፖች ሠርቶ ጎን ለጎን ማየት ነው። ከዚያም ፎቶውን አስቀድሞ ያላየን ሰው «ምን ታያለህ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ እርስዎ ካሰቡት ዓረፍተ ነገር ጋር ከገጠመ ቁረጣው ልኩን አግኝቷል። «ወፍ» ብቻ ካለ ግን ወይ ከልክ በላይ ቆርጠዋል፣ ወይ ገና አልቆረጡም።