በበግ እግር ላይ ስለሚወጡ የቆዳ በሽታዎች

በደጋው አገራችን በግ የማያረባ ባላገር ጥቂት ነው። የመንዝ በግ ለምሳሌ ከሥጋው ሌላ ጠጉሩ ለባናና ለበርኖስ፥ ቆዳው ደግሞ ለፋብሪካ ይፈለጋል። ይህ እንስሳ እግሩ ሲቆስል ወይም ሲላላጥ ባለቤቱ «እከክ ይዞታል» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፥ ይህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት ልዩ ልዩ በሽታዎችን የሚሸፍን መሆኑንና ለአንዱ የሚስማማው መድኀኒት ለሌላው ከንቱ መሆኑን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ በጉ ያከከው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እግሩን የሚነክስ፥ በድንጋይና በአጥር የሚታከክ፥ በሰኮናው መሬት የሚደበድብ በግ ተባይ ይኖርበት ይሆናል። ቁስል እያለበት ምንም የማያክክ በግ ግን ወደ ሌላ በሽታ ይመራናል። ቀጥሎ ቁስሉ በትክክል የት እንደሆነ፥ የታመሙት ግልገሎች ብቻ መሆናቸውንና ወቅቱ ዝናብ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

እውነተኛው እከክ የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ ስምንት እግር ካላቸው ተባዮች ነው። ሳርኮፕተስ የተባለው ቆዳውን እየቦረቦረ የሚኖር ስለሆነ ጠጉር በሳሳበት ስፍራ፥ ማለት በፊት፥ በጆሮና በእግር ላይ ይወጣል፤ ቆዳውም ይወፍርና ይሰነጣጠቃል። ከበጉ ወደ እረኛው ተላልፎ ለጊዜው ሊያሳክከው ይችላል። ሁለተኛው ኮርዮፕተስ ቆዳውን አይቦረቡርም፤ በላዩ ላይ እየኖረ የተላላጠውን ይበላል። የሚወደውም ከሰኮና በላይ ያለውን የእግር ክፍል፥ ይልቁንም የኋላውን እግርና የአውራውን የቆለጥ ከረጢት ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ከረጢቱ በቅርፊት ሲሸፈንና ሲያብጥ ሙቀቱ ይጨምራል፥ የዘሩም ጥራት ይበላሻል። አንድ አውራ ብቻ ያለው ባላገር በሚመጣው ዓመት ግልገል ያጣበትን ምክንያት ከእግር እከክ ጋር አያይዞ ለማሰብ አይችልም።

ሁለቱን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ለሳርኮፕተስ ጥቂት ደም እስኪታይ ድረስ ከቁስሉ ዳር በዘይት በተነከረ ምላጭ መፋቅ ግድ ነው፤ ለኮርዮፕተስ ግን የላይ የላዩን ቅርፊት መውሰድ ይበቃል። መካከሉን ብቻ ፍቆ «ምንም የለም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተባዩ የሚበዛው ገና በመስፋፋት ላይ ባለው ዳር ነውና።

ከዚህ የተለየው ኦርፍ የተባለው በሽታ ነው። መነሻው ቫይረስ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ግልገሎችን በከንፈር ላይ ይይዛል፤ በእግርም ሰኮናው ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ይወጣል። ስለዚህ እግሩ የቆሰለ ግልገል ሲመጣልን አፉን ሳናይ መሸኘት የለብንም። የእከክ መርፌ ለዚህ ምንም አይፈይድም፤ ጸረ ባክቴሪያ መድኀኒትም የሚጠቅመው ቁስሉ ከመገለ ብቻ ነው። በሽታው ራሱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ቅርፊቱን ግን መላጥ አይገባም፤ ቫይረሱ በወደቀው ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያልና በረቱን ይበክላል። ወደ ሰውም ይተላለፋል፤ ግልገል በባዶ እጁ የሚይዝ ሰው ጣቱ ላይ የሚያም ቁስል ይወጣበታል።

በክረምት ደግሞ ቆዳው በዝናብና በጭቃ ሲርስ ደርማቶፊለስ የሚባል ባክቴሪያ ይገባበታል። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ ሲነሣም ጠጉሩ አብሮ ይነቀልና የቀለም ብሩሽ ይመስላል። ከኦርፍ ጋር ሲደረብ እግሩ ከሰኮና አንሥቶ ወደ ላይ ይላጥና ሥጋው እንደ እንጆሪ ቀይ ይሆናል። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን እርጥበት በመስታወት ላይ ቀብቶና ቀለም አስገብቶ ቢያዩት ባክቴሪያው እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ያየው ተማሪ አይረሳውም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ይረዳዋል፥ በጉ በደረቅ ስፍራ ካላደረ ግን መልሶ ይይዘዋል።

ከደጋው ዝቅ ባለው አገር የሚያነክስ በግ ሲገኝ በሰኮናዎቹ መካከል መዥገር መፈለግ ነው። ቁስሉ ከአፍና ከትኩሳት ጋር ሆኖ በጥቂት ቀን በመንጋው ውስጥ ከተዛመተ አፍተግርን፥ በመላው ሰውነት ላይ እብጠት ከወጣም የበግ ፈንጣጣን መጠርጠርና ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ማስታወቅ ይገባል።

በነገራችን ላይ ቆዳ ፋብሪካዎችም «እከክ» የሚሉት አንድ ነገር አላቸው፤ ይኸውም ጠጉሩ ከተላጠ በኋላ በቆዳው ላይ የሚታየው ጥቃቅን እብጠት ነው። ለዚህ ግን ዋናዎቹ ተጠያቂዎች ቅማልና ክንፍ የሌላት በጠጉር ውስጥ የምትኖር ዝንብ ናቸው። ባላገሩና ፋብሪካው አንድ ስም ይዘው ስለ ሁለት ነገር ይነጋገራሉ ማለት ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፥ በብዙ ስፍራ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ተለምዷል። ይህ የቆሰለውን ቆዳ የሚያቃጥልና መርዝነት ያለው ስለሆነ አንደግፈውም። ለሳርኮፕተስ የሚመረጠው አይቨርሜክቲን ነው፤ መጠኑም ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ነው። አንድ በመቶ በሆነው መድኀኒት 25 ኪሎ ለሚመዝን በግ ግማሽ ሚሊሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። እንቁላሉን ስለማይገድል ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ያላከካቸውም በጎች አብረው ይወጋሉ። ኮርዮፕተስ ግን ደም ስለማይጠጣ በመርፌ ብቻ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ቅርፊቱን አለስልሶ እግሩን በተባይ መድኀኒት ማጠብ የተሻለ ነው።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ሥጋው ለብዙ ቀን፥ አንዳንዴም ከአንድ ወር በላይ አይበላም፤ ቁጥሩ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ለፋሲካ የሚታረድ በግ ካለ ይህ ቀን ተቆጥሮ፥ ሕክምናው ከጾሙ መግቢያ በፊት ቢጀመር ይሻላል።