«ዶክተር፣ ልጄ ደም አንሶት ይሆን?»

ሰሞኑን አንዲት እናት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ራስ ምታት፣ ድካም፣ የልብ መምታት አለው። መረመርነው፤ ደም ማነስ የለበትም። ውሎውን ጠየቅኩት፦ የቤት ሥራ እስከ ማታ 4 ሰዓት፣ ከዚያ የማትሪክ ጥናት እስከ ሌሊቱ 9። እንቅልፍ ሲመጣ ቡና። ለብቻችን ስንሆን ደግሞ ጫትም እንዳለበት ነገረኝ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ግን ያጠናነው ነገር አእምሯችን ውስጥ የሚረጋው ስንተኛ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ቡናና ጫት እንቅልፍን ያባርራሉ እንጂ አይተኩትም።

ተማሪዎች፣ እንዲህ ሞክሩ፦

✅ የድሬን የቀትር ሙቀት አትታገሉት። ከምሳ በኋላ ውሃ ጠጡ፣ 20 ደቂቃ ጋደም በሉ።

✅ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የቤት ሥራ። የከበዳችሁን ጥያቄ ምልክት አድርጉበት።

✅ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 የራሳችሁ ጥናት። ምልክት ካደረጋችሁበት ጀምሩ፤ የቤት ሥራው ክፍተታችሁን ያሳያችኋል፣ ሁለቱ አይሻሙም።

✅ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር፤ ጫት ጭራሽ።

✅ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ ተኙ። የቀረውን ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ጨርሱ።

ወላጆች፣ ሌሊት መብራት በርቶ ስታዩ «ጎበዝ!» አትበሉ። «ተኛ ልጄ፣ ጠዋት እቀሰቅስሃለሁ» በሉት።

ተማሪ ላለበት ቤት ሼር አድርጉ።