ፎቶ ለሚያስተካክል ዓይን የትኛው ስክሪን ይሻላል፦ ማት ወይስ ግሎሲ?

ጥር ሲገባ በአቃቂ ቃሊቲ ፎቶ ቤቶች ሥራ ይበዛል። ሠርጉ ይደራረባል፤ በየቀኑ የተነሳው በመቶዎች የሚቆጠር ፎቶ ተመርጦና ተስተካክሎ ለአልበም እስኪደርስ ባለሙያው ከኮምፒውተሩ ፊት አይነሳም። እርስዎም ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ከሆኑ ከሰዓት በኋላ ዓይንዎ አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁርዎት፣ ግንባርዎን ሲወጥርዎት «እንቅልፍ ስላነሰኝ ነው» ብለው ያልፉት ይሆናል። የእንቅልፉ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ሙከራ ያድርጉ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ስክሪኑን ያጥፉትና ከወንበርዎ ሳይነሱ የጠቆረውን ገጽ ይመልከቱ። የመንገዱ መኪና፣ የበሩ ብርሃን፣ ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል፣ የራስዎ ነጭ ሸሚዝ ከታየዎት ዓይንዎ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ፎቶ አንሺዎች ማት እና ግሎሲ የሚሉትን ቃላት ከማተሚያ ወረቀት ያውቋቸዋል። በስክሪንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ግሎሲው እንደ መስታወት ለስላሳ በመሆኑ የመጣበትን ብርሃን በቀጥታ ይመልሳል። በጨለመ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ጥልቅ፣ ቀለሙም ደማቅ ሆኖ ይታያል። የማቱ ገጽ ግን በዓይን የማይለይ ሻካራነት ስላለው ብርሃኑን ይበትነዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ማት ስክሪን ብርሃኑን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል እንጂ። ስለዚህ አምፖሉ እንደ አምፖል አይታይም፤ በምትኩ ስስ ጉም የመሰለ ነገር በምስሉ ላይ ይነጠፋል፣ ጥቁሩም ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላል።

ነጸብራቅ ዓይንን ያሳውራል ማለት አይደለም፤ ያደክመዋል። ዓይን በምስሉና በምስሉ ላይ በተደረበው የመንገድ ጥላ መካከል ይመላለሳል፤ እርስዎም ሳያውቁት አንገትዎን እያዘነበሉ ነጸብራቁን ይሸሻሉ። በዚህ ላይ ስክሪን ላይ ስናተኩር ዓይናችንን የምናርገበግበው በጣም እየቀነስን ነው። በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ዓይን በግማሽና ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል። ዓይንን የሚያረጥበው እንባ በፍጥነት ይተናል፤ መቆርቆሩና መቅላቱ ከዚህ ይመጣል።

ጉዳቱ በጤና ብቻ የሚቆም አይደለም። ነጸብራቅ ሲያስቸግር ሁሉም ሰው የሚያደርገው የስክሪኑን ብርሃን መጨመር ነው። በጣም በደመቀ ስክሪን ላይ የተስተካከለ ፎቶ ሲታተም ጠቁሮ ይወጣል፤ የሙሽራዋ ፊት ይጨልማል፤ ደንበኛው አልበሙን ይመልሳል። ለኅትመት የሚሠሩ ባለሙያዎች ስክሪናቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ኒት ባለው የብርሃን መጠን ያቆዩታል። ይህ ቁጥር በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ሱቅ ውስጥ ደብዛዛ ይመስላል። ችግሩ ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ላይ አይደለም።

የትኛውን ይግዙ? ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድ በቃሊቲ በኩል በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጎን ያሉ ሱቆች የጠዋቱን፣ በሌላው ጎን ያሉት ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በደረታቸው ይቀበላሉ። ከፊት ለፊት አዲስ የመጋዘን ቆርቆሮ ካለ ሁለተኛ ፀሐይ በሉት። በእንዲህ ያለ ቦታ ለሚሠራ ሰው እኔ ብጠየቅ ያለማመንታት ማት እላለሁ። መሸጫ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ሲታዩ ግሎሲው እንደሚማርክ አልክድም፤ ግን እርስዎ የሚሠሩት እዚያ አይደለም። ወደ ጓዳ ገብተው፣ መጋረጃ ዘግተው ወይም ሌሊት የሚሠሩ ከሆነ ግሎሲውም ምንም አይልዎትም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ጠረጴዛውን ያዙሩት። በሩ ወይም መስኮቱ ከጀርባዎም ከፊትዎም ሳይሆን ከጎንዎ ይሁን። ከጥቁር ካርቶን ቆርጠው በስክሪኑ አናትና ጎኖች ላይ እንደ ኮፍያ ክፈፍ ቢያደርጉበት ከላይና ከጎን የሚመጣውን ብርሃን በጥቂት ብር ይከላከላሉ። ጥቁር ወይም ግራጫ ልብስ መልበስም ይረዳል። ከውጭ አገር የሚመጡ ምክሮች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥታ ፀሐይ አያገኘውም» ይላሉ፤ እኛ አገር ይህ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ መጋረጃው ለሰሜኑም መስኮት ያስፈልጋል።

ስክሪኑ ከዓይንዎ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ፤ ሆን ብለውም ዓይንዎን ያርገብግቡ። ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ ለንባብ የተሠራ መነጽር ለስክሪን ርቀት ላይስማማ ይችላልና ሲመረመሩ ስክሪንዎ ምን ያህል እንደሚርቅ ለባለሙያው ይንገሩ። ከሰማያዊ ብርሃን ይከላከላሉ እየተባሉ ስለሚሸጡት መነጽሮች ለሚጠይቁን፣ የአሜሪካ የዓይን ሕክምና አካዳሚ ለኮምፒውተር ሥራ አይመክራቸውም።

አረፍ ሲሉ የሚጠፋ ድካም አያስፈራም። እረፍት ተወስዶም የማይለቅ ብዥታ፣ ሕመም፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ወይም በብርሃን ዙሪያ ቀለበት ማየት ካለ ግን ጠብታ ከፋርማሲ ገዝቶ መጨመር አይገባም። በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ከጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይጀምሩ፤ በዓይን ሕክምና የሚታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም አለ። ድንገት የማየት መቀነስ ወይም ከባድ ሕመም ከቀይ ዓይን ጋር ከመጣ ደግሞ አልበሙ ይቆይ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።