ፊልሙን አይተነዋል፤ መጽሐፉንስ?

በሰበታ በማታው የንባብ ትምህርት ላይ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። ፊደል ለይተዋል፤ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የመብራትና የውኃ ደረሰኝም ያነባሉ። «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» አሉን። «ወሬውን ከሬዲዮ እሰማለሁ። መጫወት ካማረኝ ልጄ የቻይና ፊልም ይከፍትልኛል። ለዚያ ደግሞ ፊደል አያስፈልግም።» ክፍሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፤ መልሱ ግን ወዲያው አልመጣልንም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ያን ዕለት መመለስ ስላቃተን ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።)

በመጀመሪያ አባባ የተናገሩት እውነት እንዳለው እንመን። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበው የቆሙ ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃለዋል። በነዚህ ከተሞች የቻይና ፊልም እንግዳ አይደለም። በቪዲዮ ቤት ዘመን አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ ያዩ ዛሬ የልጅ አባት ሆነዋል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በ2016 ተመርቋል። በዚያ ሥራ ብዙ ሰው ቻይናዎቹን በአካል አወቃቸው። ከዚያ በፊት ግን ለብዙው ልጅ ቻይና ማለት ብሩስ ሊ ነበር።

ብሩስ ሊ በ1940 አሜሪካ ውስጥ በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ያደገው ሆንግ ኮንግ ነው። ስሙን ያስጠሩት ፊልሞች የተሠሩት ከ1971 እስከ 1973 ባሉት ጥቂት ዓመታት ሲሆን፣ በዚያው በ1973 በ32 ዓመቱ ሞተ። የሱን ዓይነት ፊልም በየሰፈሩ «የካራቴ ፊልም» እንለዋለን። ካራቴ ግን የጃፓን ነው፤ የቻይናው ኩንግ ፉ ይባላል። በ1972 በሠራው አንድ ፊልም የሚጣላው እኮ ከጃፓን የትግል ትምህርት ቤት ሰዎች ጋር ነው፤ ካራቴ ብንለው ባለታሪኩ በኛም ላይ ይነሣ ነበር!

ጃኪ ቻንስ? እሱ ልጅ ሳለ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በቤጂንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት አሥር ዓመት ያህል በብርቱ ቅጣት የተማረ ሰው ነው። የቤጂንግ ኦፔራ ዘፈን፣ ትወና፣ ፊት መቀባትና መገለባበጥ በአንድ መድረክ የሚታዩበት የቆየ ቴያትር ነው። ስለዚህም የጃኪ ቻን ጠብ እንደ እስክስታ ምት አለው። አንድ ቃል ሳይገባን የምንስቀው ለዚህ ነው። ዓይን አስተርጓሚ አይፈልግም።

ጆሮ ግን ይፈልጋል። ትርጉም ፊልም ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። ተዋናዩ ረጅም ንግግር ይናገራል፤ ተርጓሚው በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ተዋናዩ ዝም ሲል ደግሞ ተርጓሚው ቀልድ ይጨምርበታል። እኛ ይህን አንጠላም፤ አንዳንዱ ተርጓሚ ከፊልሙ ይበልጥ ያስቃል። ነገር ግን የነገረን ልክ ይሁን አይሁን በምን እናውቃለን? ዝም ብለን መቀበል ነው። ደግሞም ይህ የኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በዚያን ጊዜ የሆንግ ኮንግ ፊልም የሚነሣው ያለ ድምፅ ነበር፤ ንግግሩ በኋላ ነው የሚገባበት። ስለዚህ በነዚያ በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ብሩስ ሊ አፉን ሲከፍት የሚሰማው ቻይንኛ የሌላ ሰው ድምፅ ነው። ለካ ቻይናዎቹም ያዩት ትርጉም ፊልም ኖሯል!

ሙዚቃው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከኛ ጋር ዝምድና አለው። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። የቻይናም የቆየ ዜማ የሚቆመው በአምስት ድምፅ ነው። እንዲያውም ትዝታ በሜጀር ሲቃኝ የሚያወጣቸው አምስት ድምፆች ቻይናዎች ጎንግ በሚሉት ቅኝት ካሉት ጋር አንድ ናቸው። አንቺ ሆዬ ግን ከነሱ ጋር አይገጥምም። የቻይና ዘፈን ስንሰማ «ይህንንስ የት ነው የማውቀው?» የሚያሰኘን እንግዲህ ይህ ነው። መሣሪያም ቢሆን እነሱ ኤርሁ የሚባል በደጋን የሚገዘገዝ አላቸው። የኛ ማሲንቆ አንድ ክር ሲኖረው ኤርሁ ሁለት አለው፤ የኛ በከብት ቆዳ ሲለበጥ የነሱ በዘንዶ ቆዳ ይለበጣል። የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው።

ሰበታን ካነሣን መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትን ሳናነሣ አናልፍም። እዚያ ተማሪው በጣቱ፣ በብሬል ያነባል። ከኤርሁ ተጫዋቾች ሁሉ ስሙ የገነነው ሰውም ዓይነ ስውር ነበር። አቢንግ ይሉታል፤ በ1893 የተወለደ ነው። እንደኛ አዝማሪ በዉሺ ከተማ ጎዳና እየዞረ ይጫወት፣ የዕለቱን ወሬም በዘፈን ይናገር ነበር። በ1950 የሙዚቃ አጥኚዎች መቅጃ ይዘው ሄዱና ስድስት ዜማ ቀዱለት። በዚያው ዓመት ሞተ። የቀረው በጣቱና በልቡ የነበረው ሁሉ አብሮት ተቀበረ። የኛስ አዝማሪዎች ስንቱን ይዘው ሄደው ይሆን?

አሁን ወደ አባባ ጥያቄ እንመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የቻይና ታሪክ ይዘን ገባን። «ቀይ ማሽላ» ይባላል። ፊልሙን ዣንግ ዪሙ በ1987 ሠርቶት በ1988 በርሊን ላይ አንደኛውን ሽልማት አግኝቷል። አንዲት ወጣት ሴት አባቷ በበቅሎ ለውጦ፣ የሥጋ ደዌ ላለበት የአረቄ ቤት ባለቤት ይድራታል። ሙሽራዋን በሸክም ወንበር ተሸክመው በማሽላው ማሳ መካከል ይዘዋት ይሄዳሉ። እዚህ ላይ ስንደርስ እናቶች ዝም አሉ። አንዷ ግን ቀስ ብለው፣ «በቅሎስ ደኅና ነው፤ እኔ ያለ በቅሎም ሄጃለሁ» አሉን። ጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ታሪኩን በመጽሐፍ የጻፈው ሞ ያን ነው። በ1955 በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጥቶ ከብት ጠብቋል። እናቱ ፊደል አይለዩም ነበር። እሱ ገበያ እየሄደ ተረት ነጋሪ ያዳምጣል፤ ማታ እናቱ በኩራዝ ሲሰፉ የሰማውን ይነግራቸዋል። የረሳውንም ከራሱ ይሞላዋል። ይህ ከብት ጠባቂ በ2012 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። የብዕር ስሙ ትርጉም «አትናገር» ማለት ነው፤ እሱ ግን ሲናገር ኖረ። ማሽላም ቢሆን የሩቅ ዘር አይደለም። መጀመሪያ የተዘራው በዚህ በኛው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ሲሆን፣ ኋላ ነው እስያን አቋርጦ ቻይና የደረሰው። በሱሉልታ ብርድ አይበቅልም እንጂ በገበያ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ክፍሉን ያስገረመው ሌላ ነገርም ነበር። የቻይና ጽሕፈት እንደኛ ፊደል ድምፅን አይከተልም፤ ለየቃሉ ምልክት አለው። በ1950ዎቹ የቻይና መንግሥት በመሠረተ ትምህርቱ፣ ገበሬ አንባቢ ለመባል 1,500፣ ሠራተኛ ደግሞ 2,000 ምልክት ማወቅ አለበት ብሎ ወስኖ ነበር። የኛ 33 ፊደል በሰባት ቢባዛ 231 ነው። «እኛስ ተርፈናል!» አሉ አባባ።

መጽሐፉን በአማርኛ ስላላገኘነው ከእንግሊዝኛው ጥቂቱን ራሳችን ተረጎምንና በጥቁር ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፍነው። እውነቱን ለመናገር በአማርኛ የተተረጎመ የቻይና መጽሐፍ በእጃችን የገባው በጣም ጥቂት ነው፤ ፊልሙን የሚተረጉሙት ብዙ ሲሆኑ መጽሐፉን የሚተረጉመው የታለ? ይህ የሚያሳፍረው እኛን የተማርነውን ነው እንጂ አባባን አይደለም።

አባባ ተነሥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ። «ይህቺ ቃል ልክ አይደለችም» አሉን። ሆሄ የሳትን መስሎን ደነገጥን። «ቀይ ማሽላ ብላችኋል። እኔ ባደግሁበት አገር እንዲህ ያለው ቀዩ ዘንጋዳ ነው። ጠላ የምንጠምቀው በሱ ነው፤ እነሱም መጠጥ አወጡበት ብላችሁ የለም እንዴ?» ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሌላ አባት፣ «የለም! ዘንጋዳ ሌላ፣ ቀይ ማሽላ ሌላ!» ብለው ተነሡ። እናቶችም ገቡበት። ክርክሩ እስከ ደወል ድረስ ቀጠለ፤ ማንም ተርጓሚውን ዝም ብሎ የተቀበለ አልነበረም። እኛም በመጨረሻ «ማሽላ» ከሚለው አጠገብ «ዘንጋዳ» ብለን ጻፍንና ሁለቱንም ሳናጠፋ ሰሌዳው ላይ ተውናቸው።