ኤሲው ጋዝ አይበላም

ሐምሌ እዚህ ቨርጂኒያ እንደ አገር ቤቱ ሐምሌ አይደለም። ጃንጥላና ጭቃ የለም፤ ቀትር ላይ የቆመ መኪና በር ሲከፈት የምጣድ ወላፈን ፊት ይመታል። አንድ ቅዳሜ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም እ.ኤ.አ. የ1991 ሥሪት መኪናውን ደጃችን አቁሞ ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ገባ። «ጋሼ፣ ኤሲው ጋዝ ጨርሷል። ይኼን መሙላት ብቻ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ።

«ጨርሷል» በሚለው ቃል ተጣላን። ቤንዚን ይቃጠላል፣ የሞተር ዘይት ይቆሽሻል፤ የኤሲ ጋዝ ግን ያው አንዱ ሲዞር ይኖራል እንጂ አይበላም። በላስቲክ ቱቦው በኩል በዓመት ጥቂት ግራም መሹለኩ ባይቀርም፣ ኤሲው ማቀዝቀዝ እስኪያቅተው ከጎደለ ግን አንድ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በተሰነጠቀ ገንቦ ውሃ መቅዳት ነው።

ገንቦን ካነሣን አይቀር፣ ሥራውም ከእሱ ይመሳሰላል። የሸክላ ዕቃ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ላብ ስለሚያልበው ነው፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ከውስጥ ነጥቆ ይሄዳል። ነርሷ መርፌ ከመውጋቷ በፊት የምትቀባን አልኮል የሚቀዘቅዘንም ለዚሁ ነው። መኪናው የሚለየው የተነነውን አለመልቀቁ ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ ባለው ጥምዝ ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ይተናል፣ የጋቢናውን ሙቀት ይወስዳል። በቺንጋ የሚዞረው ኮምፕሬሰር እንፋሎቱን ስቦ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክብና መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ከዚያ በጠባብ ቀዳዳ ተረጭቶ እንደገና ይተናል። ለዚህ ሥራ ከውሃ ይልቅ በብርድ የሚፈላ ነገር ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን መኪኖች ጋዝ፣ ፍሬዎን የምንለው አር-12፣ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

አር-12 ለመኪና ተስማሚ፣ ለሰማይ ግን ጠንቅ ነበር። ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ኬሚስቶች የኦዞን ሽፋንን እንደሚያሳሳ በ1974 ጻፉ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ አሜሪካ በ1995 መጨረሻ ማምረቱን አቆመች። አዳዲሶቹ መኪኖች ወደ አር-134ኤ ሲዞሩ የልጁ መኪና ከነአሮጌ ጋዟ ቀረች።

መነጽሬን አድርጌ የቆርቆሮውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ፦ ፕሮፔንና አይሶቡቴን። በእኛ ቋንቋ ቡታጋዝ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር በደንብ ያቀዘቅዛል። ግፊቱ ከአር-12 ይቀራረባል፣ ከአሮጌው የማዕድን ዘይት ጋር ይስማማል፣ በክብደት ከአሮጌው ጋዝ ግማሹ እንኳ አያስፈልግም። ልጁም «ፍሪጃችሁ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?» ብሎ ያዘኝ። ልክ ነው፣ ብዙ አዳዲስ የቤት ፍሪጆች በአይሶቡቴን ይሠራሉ። ግን ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጥቂት ዐሥርታት ግራም ነው፣ በተበየደ ቱቦ የታሸገ፤ ፍሪጅን ደግሞ ማንም አይገጨውም። የመኪና ኮንደንሰር ግን ከመከላከያው ኋላ ነው፤ ፊት ለፊት ግጭት ሲመጣ ቀድሞ የሚቀደደው እሱ ነው። ሌላው ጥምዝ ደግሞ ጉልበታችን ፊት ተቀምጧል፣ ከአጠገቡም የነፋሱ ሞተር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም አር-12ን በሚቀጣጠል ጋዝ መተካትን ከልክሏል። እኔ ግን ሕጉ ባይኖርም እህቱን በዚያ መኪና አላሳፍራትም ነበር።

የቀረን አር-134ኤ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ከማዕድን ዘይት ጋር አይዋሃድም፣ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ እንዳይነክስ ኤስተር የሚባል ዘይት ይገባል። እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ ይቀየራል፣ የመሙያ አፎቹ ላይ መቀየሪያ ይገጠማል፣ በየመገጣጠሚያው ያለው የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንጉ፣ ይታደሳል። ከሁሉ በፊት ግን የተረፈው አር-12 መውጣት አለበት። አየር ላይ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህን ፈቃድና መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሠራልን።

ቀዳዳው ራሱን አጋለጠ። ኮፈኑን ከፍተን በባትሪ ስናይ ኮንደንሰሩ መግቢያ ላይ አቧራ የጠጣ የቅባት እድፍ አለ፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይቱን ይዞ ስለሚወጣ መንገዱን ምልክት አድርጎበታል። ፈትተን ያወጣነው ኦሪንግ እንደ ደረቀ እንጀራ እጄ ላይ ተሰበረ።

ቀጥሎ በችኮላ የሚዘለለው ሥራ መጣ፣ ቫኪዩም። ፓምፑን ከመለዋወጫ መደብር በማስያዣ ተዋስን። አየር ማውጣት ብቻ አይደለም ጥቅሙ። ግፊቱ ሲወርድ ውሃ በ25 ዲግሪ ይፈላል፤ ቱቦው ውስጥ ያደፈጠው እርጥበት ተንኖ ይወጣል። ካልወጣ ጠባቧ ቀዳዳ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከጋዙ ጋር ደግሞ አሲድ ይሆናል። አርባ አምስት ደቂቃ አስነሥተን አጠፋነውና የጌጁን መርፌ እያየን ቡና ጠጣን። መርፌው አልተነቃነቀም።

ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞላ የ134ኤው ቆርቆሮ የሚሰካው በዝቅተኛው ግፊት በኩል ብቻ ነው። በከፍተኛው በኩል ከተሰካ ግፊቱ ወደ ኋላ ገብቶ ቆርቆሮውን ሊያፈነዳው ይችላል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው፤ የሚረጨው ፈሳሽ ቆዳን በብርድ ያቃጥላል። ቆርቆሮው ተገልብጦ ፈሳሹ ከገባም ኮምፕሬሰሩ ፈሳሽ መጭመቅ ስለማይችል ይሰበራል። ቀጥ አድርጌ ስይዘው ጣቴ ሥር በረዶ አበቀለና መፍሰሱን አቀዘቀዘው፤ የሊጥ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጌ ነከርኩት።

ልጁ የመሙያ ቱቦዋን ትንሽ ጌጅ አረንጓዴ ቀለም አምኖ ሊያቆም ነበር። እሷ የምታውቀው አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ የደከመ ኮምፕሬሰርም መርፌዋን አረንጓዴው ላይ ሊያሳርፋት ይችላል። የሚታመነው ሚዛን ነው። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የአር-12 መጠን 800 ግራም ይላል፤ 134ኤ ከዚያ ከ80 እስከ 90 በመቶ ይበቃዋል። በወጥ ቤት ሚዛን ቆርቆሮዎቹን እየመዘንን 680 ላይ ቆምን።

የሥጋ መለኪያውን ቴርሞሜትር አየር ማስወጫው ላይ ሰካሁት፦ 9 ዲግሪ። ባለቤቴ «ሳታጥበው እንዳትመልሰው» አለች። ልጁ መጀመሪያ ያመጣቸውን ሁለት ያልተከፈቱ ቆርቆሮዎች ለገዛበት መለሰ። ነሐሴ ማብቂያ ላይ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ቀትር፣ መልሰን ለካን። 9።