ያልተያዩ ወዳጆችና የዓሣ መዝገባቸው

የዓሣ አጥማጅ ወሬ በማናቸውም አገር ቢሆን ሙሉ እምነት አግኝቶ አያውቅም። ያመለጠው ዓሣ ዘወትር ከተያዘው ይበልጣል፤ ዘንድሮ ክንድ ያህል የነበረው በዓመቱ ክንድ ተኩል ይሆናል፤ አድማጩም ይህን ስለሚያውቅ ከሰማው ላይ ግማሹን እየቀነሰ ይቀበላል። በአገራችን በቀድሞ ጊዜ ዝሆን ገዳይ ጅራቱን ሳያሳይ ቢፎክር የሚያምነው እንዳልነበረ ሁሉ፥ ዓሣ አጥማጅም ምስክር ያስፈልገዋል። ከውሃው ዳር አብሮት የዋለ ባልንጀራ ቢኖር ምስክሩ እርሱ ነው። ባልንጀራው ባሕር ማዶ የሚኖር እንደ ሆነ ግን ምስክርነቱን የምትሰጠው አንዲት ትንሽ ደብተር ናት።

ዓሣን ለገበያ ሳይሆን ለልባቸው ደስታ የሚያጠምዱ ሰዎች ማታ ከውሃው ሲመለሱ ውሏቸውን በዚህች ደብተር ይጽፋሉ። ቀኑንና ወሩን፥ የወንዙን ስም፥ ውሃው የጠራ ወይም የደፈረሰ መሆኑን፥ ነፋሱ ከወዴት እንደ ነፈሰ፥ ዓሣው በስንት ሰዓት መብላት እንደ ጀመረ፥ በምን ማታለያ እንደ ተያዘና ክብደቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ያመለክታሉ። ምንም ያልተያዘበትም ቀን ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ መዝገቡን መዝገብ የሚያሰኘው እርሱ ነው፤ ድል ብቻ የተጻፈበት ደብተር ከፉከራ አይለይምና። የተያዘውን ቈጥሮ መጻፍስ የቈየ ልማድ ነው። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ከጥብርያዶስ ባሕር የወጣው ዓሣ 153 መሆኑ ተቈጥሮ ተጽፏል፤ ጸሐፊው ራሱ ዓሣ አጥማጅ ስለ ነበረ ቍጥሩን ሳይናገር ማለፍ አልሆነለትም።

ደብተሯ በባለቤቷ እጅ ብቻ ስትቀር ማስታወሻ ናት። ግልባጭዋ ለሩቅ ወዳጅ በተላከች ጊዜ ግን ሌላ ኀይል ታገኛለች። «ውሃው እስከ ጕልበት፤ ነፋስ ከምዕራብ፤ እስከ ዐሥር ሰዓት ምንም የለም» የሚለው ቃል ለማያውቅ ሰው ደረቅ ነገር ነው፤ የሚያውቀው ሰው ግን ይህን ሲያነብ እግሩ እስኪበርደው ድረስ ከወንዙ ይገባል። ከዚህም በላይ የዓሣ አጥማጅ ትልቁ ምስጢር ሥፍራው ነው። ወንድሙን እንኳ አታሎ በሌላ መንገድ የሚሄድ ሰው፥ ከየትኛው ድንጋይ በታች እንደ ተሳካለት ለባልንጀራው ጽፎ ሲልክ፥ ከገንዘብ የሚበልጥ አደራ ሰጠ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር ረዥም ታሪክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) አይዛክ ዋልተን ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው የታወቀው መጽሐፍ በ1653 ዓ.ም. ታተመ፤ በ1676 ዓ.ም. ለአምስተኛ ጊዜ ሲታተምም ወዳጁ ቻርልስ ኮተን ሁለተኛ ክፍል ጨመረለት። ዋልተን ያን ጊዜ ዕድሜው ከ80 ያለፈ ሽማግሌ ነበረ፤ ኮተን በ37 ዓመት ያህል ያንሰዋል። ኮተን ርስቱ በዳቭ ወንዝ አጠገብ ስለ ነበረ፥ በየወሩ የትኛው ዝንብ ከውሃው እንደሚወጣና በምን ላባ እንደሚመሰል አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጻፈ። ከዚያ አስቀድሞ በ1674 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ባሠራት ትንሽ የድንጋይ ቤት ላይ የሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ተጠላልፈው ተቀርጸዋል፤ ቤቲቱም እስከ ዛሬ ቆማለች።

ሌላው በደቡብ እንግሊዝ በቴስት ወንዝ አጠገብ በስቶክብሪጅ በ1822 ዓ.ም. የተቋቋመው የሆውተን ማኅበር ነው። የማኅበሩ ሰዎች ከተመሠረተበት ዓመት ጀምሮ የያዙትን ዓሣና የአየሩን ጠባይ በአንድ የጋራ መጽሐፍ ይመዘግቡ ነበር። ዘግይቶ የመጣ አባል ገና ዘንጉን ሳይገጣጥም ያን መጽሐፍ ከፍቶ ቀድመውት የመጡት ባልንጀሮቹ ምን እንዳዩ ለማንበብ ይችል ነበር። ዝናብ ባላስወጣቸው ቀን ሥዕል ሥለውበታል፤ ቀልድም ጽፈውበታል። እስከ 1908 ዓ.ም. ያለው ክፍል በሰር ኸርበርት ማክስዌል አዘጋጅነት ታትሞ ወጥቷል።

እነዚህ ግን በአንድ አገር የሚኖሩና ቢፈልጉ ሊገናኙ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ውቅያኖስ በመካከላቸው የነበረ የሁለት ሰዎች ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው።

ቴዎዶር ጎርደን በ1854 ዓ.ም. በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጤናው ደካማ ነበረ። በኋለኛው ዕድሜውም ከከተማ ርቆ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በካትስኪል ተራሮች ውስጥ፥ በኔቨርሲንክ ወንዝ አጠገብ ብቻውን ይኖር ጀመር። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። በበጋ ያጠምዳል፤ በረዶው ደጁን በዘጋበት በረዥሙ ክረምት ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ በመንጠቆ ላይ ላባና ሐር እየጠመጠመ ሰው ሠራሽ ዝንብ ይሠራል፤ መተዳደሪያውም ይኸው ሆነ።

የዚህ ሥራ ጥበብ እንዲህ ነው። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከውሃው ውስጥ አድገው ወደ ላይ የሚወጡትን ትንንሽ ዝንቦች ይበላል፤ አጥማጁም ያን ዝንብ የሚመስል ነገር ሠርቶ ከፊቱ ያሳልፍለታል። በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ሃልፎርድ የተባለ ሰው በ1886 እና በ1889 ዓ.ም. ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት፥ ሰው ሠራሹ ዝንብ ሳይሰምጥ በውሃው ፊት ላይ ደርቆ እንዲንሳፈፍ የሚደረግበትን ዘዴ አስተማረ። ጎርደን ስለ ነገሩ ደብዳቤ ጻፈለት። ሃልፎርድም በየካቲት 22 ቀን 1890 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ መለሰለት፤ ከደብዳቤውም ጋር ለናሙና የሚሆኑ ዝንቦችን ላከለት።

በዚህ ጊዜ መዝገብ ምን እንደሚጠቅም ታየ። ጎርደን ከእንግሊዝ የመጡትን ዝንቦች በራሱ ወንዝ ላይ ካስተዋላቸው ጋር ባስተያየ ጊዜ አንድ ሆነው አላገኛቸውም። የእንግሊዙ ወንዝ ከኖራ ድንጋይ ምድር የሚፈልቅ፥ የጠራና ዝግ ብሎ የሚፈስ ነው፤ የካትስኪሉ ወንዝ ግን በድንጋይ ላይ እየዘለለ ይወርዳል፤ የዝንቡም ዘር ሌላ ነው። ስለዚህ ጎርደን ዘዴውን ተቀብሎ ምስሉን ለወጠ፤ ፈጣኑን ውሃ እንዲቋቋምም ጠንካራ የአውራ ዶሮ ላባ መረጠ። በስሙ የተጠራው «ኵዊል ጎርደን» የሚባለው ዝንብ ከዚህ ጥንቃቄ የተገኘ ነው። ሃልፎርድን እንደ ጻፈው ቢከተል ኖሮ ዝንቡ ያማረ፥ ቅርጫቱም ባዶ በሆነ ነበር።

በኋላ ጎርደን ከእንግሊዝ አገር ሌላ ወዳጅ አገኘ፤ ይኸውም ጆርጅ ስኪውዝ ነው። ስኪውዝ በ1858 ዓ.ም. የተወለደ የለንደን የሕግ ሰው ሲሆን፥ ከ1883 ዓ.ም. ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ በዊንቸስተር አጠገብ በኢችን ወንዝ አጥምዷል፤ አይዛክ ዋልተን የተቀበረውም በዚያው በዊንቸስተር ካቴድራል ነው። ሁለቱ ሰዎች ዐፋሮች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ለንደን ይታተም በነበረው የዓሣ አጥማጆች ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ስማቸውን በብዕር ስም ይሸሽጉ ነበር።

ስኪውዝ በሰው ወሬ ብቻ የሚያምን ሰው አልነበረም። የያዘውን ትራውት በላ የሚባለውን ትቶ የበላውን ለማየት፥ ከአጥንት ውስጥ ቅልጥም በሚወጣበት ቀጭን ማንኪያ ከዓሣው ሆድ ያለውን ያወጣና በነጭ ሳሕን ውሃ ውስጥ ይበትነው ነበር። በዚህም ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ገና ወደ ላይ ያልደረሰውንና ክንፉን ያልዘረጋውን ትንኝ መሆኑን ተረዳ። ይህንም በ1910 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ መግለጽ ጀመረ። የሃልፎርድ ተከታዮች ግን ተንሳፋፊውን ዝንብ እንደ ሃይማኖት ይዘውት ስለ ነበረ ደስ አላላቸውም፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት ቈየ። ሰው በጎረቤቶቹ መካከል ሲከራከር የሚያይበት ዓይን ሁሉ ወገን የያዘ ይሆንበታል። ከሩቅ አገር ሆኖ «በእኔ ወንዝ ያየሁት ይህ ነው» ብሎ የሚጽፍለት ወዳጅ ለእንዲህ ያለ ሰው ትልቅ ዕረፍት ሳይሆንለት አልቀረም።

የጎርደን ደብዳቤዎች ነገር ያላጌጡ ናቸው። ስለ በረዶና ስለ ውርጭ፥ ስለ ወንዙ መሙላትና መጕደል፥ ስለ ላባ ቀለምና ስለ መንጠቆ፥ ስለ ተያዘውና ስለ አመለጠው ይናገራሉ። አንዳንድ ጊዜም ስለ ሕመሙ ያነሣል፤ ወዲያውም ወደ ወንዙ ይመለሳል። በመርከብ የሚጓዝ ደብዳቤ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፥ ስለ አንድ የግንቦት ማታ የተጻፈው ወሬ ለንደን ሲደርስ ማታው አልፏል፤ ዝንቡም ጠፍቷል። ቀኑና ሰዓቱ በጥንቃቄ ስለ ተጻፈ ግን አንባቢው ያለፈውን ማታ እንዳለ ያገኘዋል። በዚህ ዐይነት እጅ ለእጅ ሳይጨባበጡ፥ አንዱም የሌላውን ወንዝ ሳያይ ለዓመታት ቈዩ።

የዛሬው ዓሣ አጥማጅ ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም። ዓሣው ገና ከመረቡ ሳይወጣ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ በዚያችው ደቂቃ በሌላው የዓለም ዳርቻ ያለው ጓደኛው ያየዋል። ሥፍራውን፥ ሰዓቱንና የአየሩን ሙቀት ስልኩ ራሱ ይመዘግብለታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሚነቀፍም ነገር አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚላከው ዓሣ ሲያዝ ብቻ ነው፤ ባዶውን ሰዓት ማን ፎቶግራፍ ያነሣዋል? ጎርደን ለስኪውዝ የላከለት አብዛኛው ነገር ያ ባዶ ሰዓት ነበረ።

መዝገቡን ዓሣው ራሱ ተሸክሞ የሄደበትም ጊዜ መጥቷል። በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ የዉድስ ሆል የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባ የነበረው ፍራንክ ማዘር፥ ለደስታ የሚያጠምዱ ሰዎች የያዙትን ብሉፊን ቱና ምልክት እያሰሩ እንዲለቁትና ቀኑንና ሥፍራውን ጽፈው እንዲልኩለት አደረገ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ ጠረፍ ምልክት ታስሮባቸው ከተለቀቁት መካከል በ1959 ዓ.ም. ከውቅያኖሱ ወዲህ ማዶ በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ የተያዙ ተገኙ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ኬሲ ስለ ሻርክ እንዲሁ ያለ ሥራ ጀመረ፤ በጎ ፈቃደኞቹ አጥማጆችም በሺሕ የሚቈጠሩ ሆኑ። ምልክት ያሰረው ሰው ዓሣው የት እንደ ተያዘ ይነገረዋል፤ የያዘውም ሰው መጀመሪያ የት እንደ ተለቀቀ ይነገረዋል። በዚህም በቋንቋ የማይግባቡ ሁለት ሰዎች አንዱን ዓሣ በተለያየ ባሕር በእጃቸው እንደ ያዙ ያውቃሉ።

የጎርደን ነገር ግን ገና አላለቀም። በሽታው እየጸናበት ሄዶ በ1915 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን በዚያው በኔቨርሲንክ አጠገብ ዐረፈ። ያን ጊዜ ኤውሮጳ በጦርነት ላይ ነበረች። የእጅ ሥራውን የወረሰው ሊበርቲ በምትባለው ትንሽ ከተማ የፖስታ ቤት ጸሐፊ የነበረው ሮይ ስቲንሮድ ነው። ይህ ሰው ከጎርደን ጋር ተወዳጅቶ ዝንብ መሥራትን ከእርሱ ተምሯል። በ1916 ዓ.ም. የራሱን አዲስ ዝንብ በሠራ ጊዜም ያወጣለት ስም የራሱን አልነበረም፤ አብሮት ያጠምድ በነበረው በሄንድሪክሰን ስም ጠራው።

ጎርደን አንድም መጽሐፍ አላሳተመም። ጋዜጣ ላይ ከወጡት ጽሑፎቹ በቀር ያየውና የመዘገበው ነገር የቀረው በወዳጆቹ እጅ በነበሩት ደብዳቤዎች ነው። ስኪውዝ የተላኩለትን ጠብቆ አቈያቸው፤ ሁለት የዓለም ጦርነት አልፎባቸዋል። በ1947 ዓ.ም. ጆን ማክዶናልድ የጎርደንን ጽሑፎችና ደብዳቤዎች ሰብስቦ በኒው ዮርክ ሲያሳትም፥ ለስኪውዝ የተጻፉትም በመጽሐፉ ገቡ። ስኪውዝ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ ዕድሜው ወደ 90 ተጠግቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1949 ዓ.ም. ዐረፈ።

በ1953 ዓ.ም. ለኒው ዮርክ ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚሆን ግድብ በኔቨርሲንክ ወንዝ ላይ ተሠርቶ አለቀ፤ ጎርደን ይኖርበት የነበረውና ያጠምድበት የነበረው ሸለቆ በውሃ ተሸፈነ። ዛሬ ሰው ያን ወንዝ ለማየት ቢፈልግ ከግድቡ በታች ያለውን ያገኛል እንጂ ጎርደን የቆመበትን ድንጋይ አያገኝም። በየትኛው ወር ውሃው ምን ያህል እንደ ነበረ፥ የትኛው ዝንብ በየትኛው ሰዓት እንደ ወጣ፥ በየትኛውም ቀን ምንም እንዳልተያዘ ግን ለስኪውዝ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አለ።