ዕርቀ እግዚአብሔር በአዋሽ ሸለቆ

ከምድር ባቡር ጋር ያደገችው የአዋሽ ሰባት ከተማና አሳይታን ተክታ የአፋር ክልል መናገሻ የሆነችው ሰመራ፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከመቶው 95 የሚያህለው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት ምድር የሚገኙ ናቸውና፣ በዚያ የሚኖረው ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ በባቡሩ፣ በጥጥ እርሻው፣ በጅቡቲ መንገድ ጭነት ወይም በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከደጋ የወረደ ሰው ነው። ከዘመዱና ከደብሩ ርቆ ሳለ፣ ከፈጣሪ ጋር መታረቅ ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ በደጋ ከነበረበት ይልቅ ይከብደዋል።

የሀገራችን ሊቃውንት ከእግዚአብሔር ጋር የሚሆነውን ሰላም ከልብ ጸጥታ አስቀድመው እንደ ተፈጸመ ዕርቅ ያስተምሩታል፤ በአዳም በደል ምክንያት የተለያዩትን መስተጻርራን፣ እግዚአብሔርንና ሰውን፣ ሰውንና መላእክትን፣ ነፍስንና ሥጋን፣ ሕዝብንና አሕዛብን፣ ቃል ሥጋ ሆኖ በመስቀሉ አስታረቃቸው ይላሉ። በአራተኛው መቶ ዓመት ከእለእስክንድርያው አትናቴዎስ ጵጵስና የተቀበሉት የመጀመሪያው ጳጳሳችን ሰላማ ተብለው መጠራታቸው፣ ለእኔ የወንጌሉ ፍሬ ነገር በአንድ ስም የተጻፈ ያህል ነው።

ይህ ዕርቅ ወደ እያንዳንዱ ነፍስ የሚደርስበትን መንገድ ግን አብያተ ክርስቲያናት በየራሳቸው ይተረጉሙታል። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ፣ የሉተርን ትምህርት ተከትላ፣ ሰው በእምነት ብቻ እንደሚጸድቅ ትሰብካለች፤ ኦርቶዶክሳዊቱ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 5ን እያነበበች፣ እምነት ከጥምቀት፣ ከንስሐና ከቅዱስ ቁርባን ሳትለይ በምግባር እንድትገለጥ ታስተምራለች። ሉተራውያንና ካቶሊካውያን እንኳ፣ ከ400 ዓመታት በላይ ከተከራከሩ በኋላ፣ በ1999 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በአውግስቡርግ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፤ ክርክሩ የሰነፎች አልነበረምና በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

በቆላው ያለ ምእመን ግን ከመጽሐፍ ይልቅ በሥራው ይፈተናል። የንስሐ አባቱ በደጋ ቀርተውበት ምክራቸውን በስልክ የሚጠይቅ ሰው ምክሩን ያገኛል፤ ቁርባኑ ግን በስልክ አይመጣም፤ መንበሩ ወዳለበት መጓዝ፣ መጾምና የበደለውን ሰው አስቀድሞ ይቅርታ መጠየቅ ይኖርበታል። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ለሚሉት የወሬ ልውውጥ ተቀምጠው የሀገሩን ሰላም፣ ዝናምና ግጦሽ ሳይጠያየቁ አይለያዩምና፣ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ ወደ እግዚአብሔር የሚቸኩል ክርስቲያን ከዚህ ልማድ ብዙ ሊማር ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ዕርቅ በዓይን የሚታይበት ጊዜም አለ፤ በስቅለት ዕለት ኦርቶዶክሳዊው ምእመን ሲሰግድ ውሎ ኃጢአቱን ለካህኑ ይናገራል፤ ካህኑም በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረገ ስግደት ያዝዘዋል። በማግሥቱ፣ በቀዳም ሥዑር ጧት፣ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሰረችውን ርግብ በማሰብ ካህናት ቄጠማ ያድላሉ፤ ትናንት በጉልበቱ ወድቆ የነበረው ሰውም ለምለሙን ቄጠማ በራሱ ዙሪያ አስሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።